ከእጅ አንጓ የወጣ ዘመን

በ1930ዎቹ የተቀረጹትን የዜና ፊልሞች ከፍቶ የቪክቶር ባርናን ጨዋታ የሚመለከት ሰው መጀመሪያ ዓይኑ ኳሷን ይከተላል፤ ይቀደማል። ሁለተኛ ሲያይ ኳሷን ትቶ ክርኑን ቢመለከት ይሻለዋል። ክርኑ ከጎኑ እምብዛም አይርቅም። ትከሻው ዝም ብሏል፤ ወገቡም እንዲሁ። ኳሷ ጠረጴዛውን ነክታ ገና ወደ ላይ በመነሳት ላይ ሳለች ራኬቱ ከሆዱ ፊት ተነስቶ አጭር ቅስት ይሠራል፤ ኳሷን በሚያገኝበት ቅጽበት የእጅ አንጓው ይፈታና ወዲያው ይሰበሰባል። ሥራው አለቀ። ኳሷ በባላጋራው ጥግ ነጥራ አልፋለች፤ ረዥም ሱሪ የለበሰው ባርና ለሚቀጥለው ምት ቀድሞ ተስተካክሎ ቆሟል።

ይህ ምት በጠረጴዛ ቴኒስ ዓለም «የባርና ፍሊክ» ተብሎ በስሙ ተጠራ። ባለቤቱ በ1911 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ጂዮዞ ብራውን ነው፤ ባርና የሚለውን ስም የያዘው በኋላ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1930 በነጠላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1931 በገዛ ከተማው በተካሄደው ውድድር በጓደኛው በሚክሎሽ ሳባዶሽ ተቀደመ። ከ1932 እስከ 1935 ያሉትን አራት የነጠላ ዋንጫዎች ግን ለማንም ሳያካፍል ወሰደ። በጥንድ ደግሞ ስምንት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የስፖርት መዝገብ ይህን ሁሉ ቆጥሮ አስቀምጦታል። እኔ እዚህ የማተኩረው መዝገቡ በማይዘው ነገር ላይ ነው፤ የባርናና የእሱ ዘመን የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ተጫዋቾች እጅ እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ ሥራቸውም ጨዋታውን ራሱን ሕጉን እስኪቀይር ድረስ እንዴት እንደገፋው።

የምቱን ዋጋ ለመመዘን በመጀመሪያ መሣሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል። የዛሬ ራኬት ከጎማው ሥር ስፖንጅ አለው፤ ጎማው ኳሷን ይዞ ያሽከረክራታል፣ ስፖንጁ ወርውሮ ይለቃታል። የባርና ራኬት እንጨት ነበር፤ በእንጨቱ ላይ ጥቃቅን ጉብታ ያለው ስስ ጎማ ተለጥፎበታል፤ በቃ። በየሰፈሩ በሚገኝ ፒንግፖንግ ቤት ስፖንጁ ተገፎ ባለቀ ራኬት ተጫውቶ የሚያውቅ አንባቢ ስሜቱን ያስታውሰዋል። ኳሷ ደረቅ ድምፅ ሰጥታ ትመለሳለች እንጂ ከራኬቱ የምትበደረው ጉልበት የለም። ፍጥነትም ሆነ ሽክርክሪት ከእጅ ካልመጣ ከየትም አይመጣም። ኳሷ በዚያን ጊዜ የ38 ሚሊ ሜትር ሴሉሎይድ ናት፤ ክብደቷ 2.5 ግራም ገደማ። መረቡ ደግሞ ከዛሬው ከፍ ያለ፣ 17 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ነበር።

የመረቡ ከፍታ ለአጥቂ መከራ ነው። ዝቅ ብላ የመጣችን ኳስ በኃይል የሚመታ ሰው ወይ መረብ ውስጥ ይከታታል፣ ወይ 2 ሜትር ከ74 ከሆነው ጠረጴዛ ማዶ ያወጣታል። ኳሷ ከፍ ብላ እስክትረጋ የሚጠብቅ ደግሞ ተከላካዩ ወደ ኋላ ሸሽቶ እንዲዘጋጅ ጊዜ ይሰጠዋል። ባርና ከሁለቱም ወጥመድ ያመለጠው ጊዜውን በማሳጠር ነው። ኳሷን የሚያገኛት ከነጠረች በኋላ ከመረቡ ከፍታ ትንሽ አለፍ ስትል፣ ገና ወደ ላይ እየወጣች ነው። ያቺን ቅጽበት ለመያዝ ከትከሻ የሚነሳ ሰፊ ምት አይሆንም፤ ዘግይቶ ይደርሳል። ከክርን እስከ አንጓ ያለው እጅ ግን ይደርሳል። ምቱ ያጠረው ረዥሙ ስለሚዘገይ ነው፤ ውበቱም የተወለደው ከዚሁ ግዴታ ነው። በማንኛውም የእጅ ሙያ ውስጥ እንዲህ ያለ ውበት ነው የማይሰለቸው።

ማጠሩ ሌላም ትርፍ አለው። ከሩቅ የሚነሳ ምት ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ይናገራል፤ ባላጋራው ከትከሻውና ከክንዱ ያነበዋል። የባርናን ምት ከምን ያነበዋል? ራኬቱ ወደ ቀኝ ጥግም ሆነ ወደ ግራ ጥግ ሲላክ አነሳሱ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚወስነው አንጓው በመጨረሻ የሚያደርጋት ትንሽ ዙር ናት። እሷ እስክትታይ ኳሷ ሄዳለች። የሸማኔን እጅ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ይገነዘባል፤ መወርወሪያው የሚሄደው ርቀት ረዥም ነው፣ የላከው እጅ ግን እንቅስቃሴው ሊቆጠር የማይችል ያህል ትንሽ ነው።

ይህ እጅ ብቻውን አልበቀለም። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ1926 መጨረሻ ለንደን ላይ ነው፤ ዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን ያቋቋመውና ለአርባ ዓመታት ያህል የመራው አይቨር ሞንታጉ ራሱ ከእንግሊዝ አይሁድ ቤተሰብ ነበር፤ ለወንዶች ቡድን ውድድር የተሰጠውን የስዌይዝሊንግ ዋንጫ የለገሱትም እናቱ ናቸው። በነጠላ የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ሃንጋሪያዊው ሮላንድ ያኮቢ ነው፤ በ1928 ዞልታን ሜክሎቪትስ ተከተለው። ከ1926 እስከ 1935 ከተካሄዱት ዘጠኝ ሻምፒዮናዎች በስምንቱ የቡድኑ ዋንጫ የሃንጋሪ ሆነ፤ ያመለጣት በ1932 አንዴ ብቻ ነው። ያኮቢ፣ ሜክሎቪትስ፣ ባርና፣ ሳባዶሽ፣ ሻንዶር ግላንትስ፣ ላስሎ ቤላክ፣ ኢሽትቫን ኬለን፤ የዚያ ቡድን ምሰሶዎች በአብዛኛው የቡዳፔስት አይሁድ ነበሩ።

ለምን እዚያ? ሃንጋሪ በ1920 ባወጣችው ሕግ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትን አይሁድ ቁጥር ገድባ ነበር፤ በብዙ በር ላይ ጠባቂ በቆመበት ከተማ የጠረጴዛ ቴኒስ በር ክፍት ሆኖ ተገኘ። ይህ ስፖርት ሜዳ አይጠይቅም፣ ፈረስ አይጠይቅም፣ ክረምት አይዘጋውም። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከላይ የተንጠለጠለ መብራት ይበቃዋል። ሆኖም ክፍልና ጠረጴዛ በብዙ ከተማ ነበር። ቡዳፔስት የተለየችው ጥሩ ተጫዋች ከሌላ ጥሩ ተጫዋች ጋር በየምሽቱ ስለሚጋጠምባት ነው። ባርና ያቺን አጭር ምት እዚያ ድረስ ያሳጠረው ሳባዶሽ ረዘም ያለችውን ሁሉ ይመልስበት ስለነበር ነው ብዬ አስባለሁ። ጎረቤቱ ጎበዝ የሆነ ባለሙያ ሳይወድ በግዱ ይሻሻላል።

የሁለቱን መግባባት የሚያሳየው ደግሞ የጥንድ ጨዋታቸው ነው። በጥንድ ጨዋታ ሕጉ ተጣማሪዎቹ ኳሷን እየተፈራረቁ እንዲመቱ ያስገድዳል። ስለዚህ ግማሹ ሥራ ከመታህ በኋላ ከመንገድ መውጣት ነው። ምትህ የቱንም ያህል ቢያምር ጓደኛህ የሚቆምበትን ቦታ ከያዝክበት ነጥቡ ሄደ። ባርናና ሳባዶሽ አብረው ስድስት የዓለም ዋንጫ ወስደዋል፤ ከ1929 እስከ 1932 አራቱን በተከታታይ፣ ከዚያ የ1934ቱንና የ1935ቱን። በመካከል ያለውን የ1933ቱን ባርና ከግላንትስ ጋር ወሰደው። አጭሩ ምት እዚህም ጠቀመ፤ ሰውነቱን ያላዞረ ሰው ቦታውን ለመልቀቅ ጊዜ አይፈጅበትም። አንድን ምት በቁጠባ መሥራት ለጓደኛ የሚተርፍ ቦታ ይሰጣል።

ከቡዳፔስት ወደ ቪየና ስንሻገር ሥራው ይገለበጣል። ሪቻርድ በርግማን ጠረጴዛውን ትቶ ወደ ኋላ የሚሸሽ ሰው ነው። በ1937 ቪየና አጠገብ ባለችው በባደን የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ዕድሜው ገና 17 ነበር። የእሱ መሣሪያ ቾፕ ነው፤ ራኬቱ ከላይ ወደ ታች ወርዶ የኳሷን ሆድ ሥሩን እየፋቀ ያልፋል፤ ኳሷ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች፣ መረቡን ለጥቂት እየሳተች ትመለሳለች። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን የመጣው ምት ከባድ ነው፣ ራኬቱ ደረቅ እንጨት ነው፣ ርቀቱም ሩቅ ነው። እጁ ትንሽ ከጠነከረ ኳሷ ከፍ ትላለች፤ ከፍ ያለች ኳስ ደግሞ ለአጥቂ ድግስ ናት። ትንሽ ከላላ መረብ ትገባለች። በርግማን የሚመልሳት ዝቅ አድርጎ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ጠረጴዛው መጨረሻ ጠርዝ አስጠግቶ ያሳርፋታል። ጠርዝ አጠገብ የወደቀች፣ ወደ ኋላ የምትሽከረከር ኳስ አጥቂውን አንድ እርምጃ ታስቀረዋለች፤ ያ እርምጃ ሲደጋገም ጨዋታው ቀስ በቀስ ከአጥቂው እጅ ይወጣል።

«ሙያ በልብ ነው» የሚባለው ለበርግማን ዓይነት ሰው ነው። የሚጨበጨብለት ባላጋራው ነው፤ ኃይለኛ ምት የሚመታው፣ ላብ የሚያጠምቀው እሱ ነው። በርግማን የሚታየው እየተገፋ፣ እየሸሸ፣ እያነሳ ነው። ውጤቱ ሲነበብ ግን አሸናፊው እሱ ነው። በነጠላ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1937፣ በ1939፣ በ1948 እና በ1950። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና በመጨረሻዎቹ ሁለት መካከል ጦርነት አለ፤ ከምርጥ የተጫዋችነት ዕድሜው ስምንት ዓመት ያህል ዋንጫ ያልነበረበት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አልፎ ያው ዝቅ ያለች ኳስ ተመልሳ መምጣቷ ምቱ ከወጣትነት ጉልበት ያልተቀዳ መሆኑን ይነግረናል።

ሦስተኛው ሰው ፖላንዳዊው አሎይዚ ኤርሊክ ነው፤ የእሱ ሥራ ለማድነቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ1936 በፕራግ ሻምፒዮና ከሩማኒያዊው፣ ከክሉዡ አይሁድ ፋርካሽ ፓኔት ጋር ተጋጠመ። ሁለቱም ቆጥረው የመጡት አንድ ስልት ነው፤ አለማጥቃት። የመጀመሪያዋ ነጥብ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀች። አንዲት ነጥብ! በተመልካች ዓይን ይህ የሚያንቀላፋ ጨዋታ ነው፤ ዳኛውም አንገቱ ደክሞ በሌላ እንደተተካ ይነገራል። በሙያ ዓይን ግን ሌላ ነገር ይታያል። ያን ያህል ጊዜ በሁለቱም በኩል አንዲት ኳስ እንኳ መረብ ውስጥ አልገባችም፣ ከጠረጴዛውም አልወጣችም ማለት ነው። እያንዳንዷ ግፊት መረቡን የምታልፍበት ከፍታ ለባላጋራው የማያስጎመጅ፣ ለራስም የማያሰጋ መሆን አለበት፤ በዚያች ጠባብ መስኮት በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ማለፍ ነው። አንድ ጊዜ ማሳለፍ ማንም ይችላል። ሲደክም፣ ሲሰለች፣ እጅ ሲዝል የማይለወጥ እጅ ግን በልምምድ የተገራ እጅ ነው።

ይህን ካደነቅሁ በኋላ ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው። ኤርሊክ ሦስት ጊዜ ለዓለም የነጠላ ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል፤ በ1936 በቼኮዝሎቫኪያዊው ስታንዳ ኮላሽ፣ በ1937 እና በ1939 በበርግማን። አለመሳሳትን እስከ ጥግ የወሰደ ሰው፣ ባላጋራውም ሳይሳሳት ሲቀርበት ነጥብ የሚቆርጥበት ስለት ይቸግረዋል። በርግማን ሲከላከልም ለባላጋራው ጥያቄ ይልካል፤ ጥልቀቱን ይለዋውጣል፣ ሽክርክሪቱን ይጨምራል ይቀንሳል። ሁለቱም ተከላካይ ቢባሉም ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

የፕራጉ ጨዋታ ግን በታሪክ ላይ ከዋንጫ የበለጠ ምልክት ተወ። እንዲህ ያሉ ማለቂያ የሌላቸው ጨዋታዎች በመብዛታቸው ፌዴሬሽኑ ሁለት ነገር አደረገ፤ ለጨዋታ የጊዜ ገደብ አበጀ፣ መረቡንም ወደ 15.25 ሴንቲ ሜትር አወረደ። የጊዜ ገደቡ ወዲያው ሰው በላ። በ1937 ባደን ላይ የሴቶች ነጠላ ፍጻሜ በአሜሪካዊቷ አይሁድ ሩት አሮንስና በኦስትሪያዊቷ ትሩዲ ፕሪትዚ መካከል ሲካሄድ ሰዓቱ አለፈ፤ ዋንጫው ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። ሁለቱም አብረው የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ተብለው የተመዘገቡት በ2001 ነው፤ 64 ዓመት ዘግይቶ።

መረቡ ሲወርድ የተጫዋቾቹ ምድር ራሱ እየፈረሰ ነበር። ባርና በ1935 ፈረንሳይ ውስጥ በደረሰበት የመኪና አደጋ የሚጫወትበት ቀኝ ክንዱ ተሰበረ፤ ያ ክርን፣ ያ አንጓ ያለበት ክንድ። በነጠላ ሌላ የዓለም ዋንጫ አላገኘም። በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትውጥ በርግማን ቪየናን ትቶ ወደ እንግሊዝ ሄደ። በ1939 የዓለም ሻምፒዮና ካይሮ ላይ ሲካሄድ ሁለቱ ለእንግሊዝ ተጣምረው ቀረቡ፤ የቡዳፔስቱ አጥቂና የቪየናው ተከላካይ። አሸነፉም። ያ ስምንተኛው የባርና የጥንድ ዋንጫ ነው። ተሰብሮ በተጠገነ ክንድ የተወሰደ በመሆኑ፣ ከሁሉም ዋንጫዎቹ አንዱን አስቀምጥ ብባል እሱን ነው የማስቀምጠው። ኳሷን ወደ ላይ ስትነሳ የሚቆርጥ እጅና ከጠረጴዛው ርቆ የሚያነሳ እጅ በአንድ ጎን ተሰልፈው አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ሞሉ። የመካከለኛው አውሮፓ የጠረጴዛ ቴኒስ ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ጥንድ ውስጥ ተገናኙ፤ የተገናኙት ግን በሰው አገር ማልያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ ያውቀዋል። ባርና በእንግሊዝ ጦር በፓራሹተኝነት፣ በርግማን በአየር ኃይሉ አገለገሉ። ኤርሊክ ፈረንሳይ ውስጥ ተይዞ ወደ አውሽቪትዝ፣ ኋላም ወደ ዳካው ተወሰደ፤ ከሁለቱም በሕይወት ወጥቶ ኑሮውን በፈረንሳይ በአሠልጣኝነት ቀጠለ። ሳባዶሽ አውስትራሊያ ገባ፤ ቤላክና ግላንትስ አሜሪካ። በአንድ ከተማ ተጠራቅሞ የነበረው ሙያ በሦስት አህጉር ተበተነ፤ በየደረሰበትም ተማሪ አፈራ።

አራተኛዋ እጅ የሴት ናት፤ አራቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ በጣም የተሟላው የእሷ ይመስለኛል። አንጄሊካ ሮዜያኑ በ1921 ቡካሬስት ተወለደች። ጨዋታውን በልጅነቷ ጀመረች። በጦርነቱ ዓመታት የሩማኒያ ፀረ አይሁድ ሕግ ከውድድርም ከልምምድ አዳራሽም አስወጣት፤ ሌላው ተጫዋች የሚሳልበትን ዕድሜ እሷ ራኬት ሳትይዝ አሳለፈችው። በ1950 ቡዳፔስት ላይ የመጀመሪያውን የነጠላ የዓለም ዋንጫ ስትወስድ 28 ዓመቷ ነበር። ከዚያ እስከ 1955 ያለውን በየዓመቱ ወሰደች፤ ስድስት በተከታታይ።

የሮዜያኑ ሥራ ምት ብቻ አይደለም፤ በምት መካከል ያለው ሽግግር ነው። ባርና ያጠቃል፣ በርግማን ይከላከላል፤ እሷ ሁለቱን በአንድ ቅብብል ውስጥ ታቀያይራለች። ወደ ኋላ ሄዳ እየቆረጠች ትመልሳለች፤ ባላጋራዋ በዚያ ዝግታ ስትላመድ አንዲት ኳስ ትንሽ ከፍ ብላ ትመጣለች፤ ሮዜያኑ ወደፊት ገብታ በፎርሃንድ ትጨርሳታለች። አስቸጋሪው ነገር ምቱ አይደለም። የትኛዋ ኳስ የምትመታ፣ የትኛዋ የምትታለፍ መሆኗን መለየት ነው። ለማጥቃት የቸኮለ ኳስ ያበላሻል፤ የዘገየ ዕድሉ ያመልጠዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ፍርድ ያልሳተች ሴት፣ የእጅዋን ያህል ዓይኗም ባለሙያ ነበር።

ከስድስቱ ዋንጫዎች አንዱ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በ1952 በቦምቤይ ሻምፒዮና ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ ወፍራም ስፖንጅ የተለጠፈበት ራኬት ይዞ ቀረበ። ስፖንጁ ኳሷን ድምፅ አልባ አደረጋት። በደረቅ ጎማ ዘመን ተጫዋች ከዓይኑ ጋር ጆሮውንም ይጠቀም ነበር፤ ከባላጋራው ራኬት የሚወጣው ድምፅ ምን ያህል እንደተመታች፣ ምን ያህል እንደተፋቀች ይነግረዋል። ሳቶ ያን ወሬ ቆረጠ፤ የአውሮፓን ሊቃውንት አንድ በአንድ ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው አዳራሽ፣ የሴቶቹን ዋንጫ ሮዜያኑ በዱሮው ራኬቷ ወሰደች። ዘመኑ እያለፈ ቢሆንም በእሷ እጅ ገና ሦስት ዓመት ቀረው።

ፌዴሬሽኑ በ1959 የራኬትን ሽፋን ውፍረት በሕግ ወሰነ፤ ስፖንጁ ግን አልጠፋም፤ እስከ ዛሬም አለ። ሮዜያኑ በ1960 ወደ እስራኤል ሄደች፤ በ1961 በአይሁድ ስፖርተኞች የማካቢያ ጨዋታዎች አሸነፈች፤ በ2006 ሃይፋ ውስጥ አረፈች። ዛሬ ኳሷ ትልቅ ናት፣ ነጥቡ በ11 ያልቃል፣ ሽክርክሪቱ ባርና ሊገምተው ከሚችለው በላይ ነው። ይሁንና አሠልጣኞች አሁንም ልጆችን ባክሃንድ ሲያስተምሩ ክርንህን አትበትን፣ አንጓህን በመጨረሻ ፍታ ይላሉ።

ሻምፒዮን በየዓመቱ ይገኛል፤ ጨዋታው በእሱ ምክንያት ሕጉን የሚቀይርለት ተጫዋች ግን እምብዛም አይገኝም። ዛሬ በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው መረብ 15.25 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ ከእነዚህ ከተሞች የወጡ ሰዎች በ17ቱ ሴንቲ ሜትር ላይ ኳስ አንስትም ስላሉ ነው። ለአንድ ባለሙያ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።